የሲኖው አዛዥ ማነው?

ሲኖ ትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው የአዲስ አበባ ሰው ቀልድ ያውቃል። አይሱዙንም «አልቃይዳ» ብሎታል። እኔን ግን ስሙ ይከነክነኛል። እውነተኛውን ቀይ ሽብር በልጅነቱ ያየ የእኔ እኩያ፣ ሽብር አዛዥ እንዳለው ያውቃል። የሲኖው አዛዥ ግን ስሙ ተነስቶ አያውቅም።

እስቲ የትራፊክ ዜና ስሙ። «ተሽከርካሪው ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ሲጓዝ…» ይላል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ አድራጊው የጠፋበት ዓረፍተ ነገር ሳይ ቀይ እስክሪብቶ አነሳ ነበር። (የዘንድሮ ዜና ጸሐፊዎች ተማሪዎቼ ቢሆኑ ስንት እስክሪብቶ በጨረስኩ!) መኪና በራሱ አይበርም። አድራጊው ሾፌሩ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ግማሹን።

ሾፌሩ ይቀጣ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት አራት እጥፍ ነው፤ የ40 ቶን ብረት ደግሞ ይቅርታ አያውቅም። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። «ቸኩዬ ነው» የሚል መልስ ለሟች ቤተሰብ አይነገርም።

ግን ማን አስቸኮለው? ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሰው ሾፌር ኑሮው የተንጠለጠለው በምልልሱ ቁጥር ላይ ነው። የጅቡቲው ደግሞ በቢያጆ። ደመወዝ የሚባለው ለስሙ ያህል ነው፤ ልጅ የሚያሳድገው በቢያጆው ነው። ዝግ ብሎ የነዳ ሾፌር በዓመቱ መጨረሻ ጥቂት ቢያጆ ሠርቶ ይገኛል። ማለትም ሕግ ማክበሩን ከኪሱ ይከፍልበታል። ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው፣ 90 በመቶ የሚሆነው፣ በዚያው በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ፣ የአፋር ሙቀት፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ። ዕቃው ወደብ ላይ ባደረ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል፤ ባለዕቃው ባለንብረቱን ይጨቀጭቃል፤ ባለንብረቱ ስልክ ያነሳል። «የት ደረስክ?» «ሚሌን አለፍኩ ጋሼ።» «እስካሁን?!»

ይቺ «እስካሁን» ናት ነዳጅ የምትረግጠው። በየትኛውም የክስ ወረቀት ላይ ግን አትጻፍም።

በ2011 ዓ.ም. ከባድ መኪና ቀን ቀን አዲስ አበባ እንዳይገባ ሲታገድ፣ ሥራው ወደ ሌሊት ተዛወረ። ሌሊት መንገዱ ባዶ ነው፣ ሾፌሩ እንቅልፉን በጫት የሚያባርር ነው፣ የሚቆጥረው ምልልስ ግን ያው ነው። ምን ይሆናል ብለን ጠበቅን?

ራዳሩማ መጥቷል። ሾፌሮቻችንም መላ አላጡም፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው መብራቱን ብልጭ ሲያደርግ ሁሉም ጨዋ ይሆናል፣ ትራፊኩን ሲያልፍ ወደ ጠባዩ ይመለሳል። ከተያዘም ቅጣቱ የሚጻፈው በእሱ ስም፣ የሚያዘውም የእሱ መንጃ ፈቃድ። ባለንብረቱ ሌላ ሾፌር ይቀጥራል። አለቀ።

ሰው ሲሞት ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3፣ ግልጽ ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። እስር ቤት የሚገባው መሪ የጨበጠው ነው። የሚገርመው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤትን ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ካደረገው ቆይቷል። የባለቤቱ እጅ አለበት ማለት በጃንሆይ ዘመንም ታውቆ ነበር እኮ! ነገር ግን ኃላፊነቱ የገንዘብ ነው፤ ለገንዘቡም ኢንሹራንስ አለ። አንዱ በካሣ፣ ሌላው በዕድሜው ይከፍላል።

ባለንብረቱ «እኔ ቢሮ ተቀምጬ በምን አውቃለሁ?» ይል ይሆናል። ድሮ ቢሆን እሺ። ዛሬ ስንቱ ባለንብረት ነዳጅ እንዳይሰረቅበት መኪናው ላይ ጂፒኤስ አስገጥሟል። ሾፌሩ ከመንገድ ወጣ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ያያል፤ በ90 ሲበር ግን ዓይኑ ይታመማል። በ2010ዎቹ የፍጥነት መገደቢያ ይገጠም ተብሎ ግዴታ ሲመጣም፣ ሁሉም ነገር በዚያ ብረት ተስተካከለ ብለን ተኛን። መገደቢያው የሞተሩን ፍጥነት ይይዛል፤ የስልኩን ጥሪ አይዝም።

«የባንክ ዕዳ አለብኝ» የሚልም አለ። ይኑርበት። የባንክ ዕዳ ያለበት ሁሉ ሌላውን ሰው በሕዝብ ላይ አይለቅም።

እኔ የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ሾፌር በፍጥነት ሲያዝ የጂፒኤሱ መዝገብ ይውጣ፤ ከባድ አደጋ ሲደርስም የስልኩ። ተደጋግሞ ከተገኘ ቅጣቱ በሊብሬው ላይም ይጻፍ፣ መኪናው ይቁም። ትራፊክ ፖሊሱም በክስ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይጨምርልን፦ ይህ ጭነት በስንት ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ነበር? ያለውስ ማነው?