ሹራቧን የማታወልቀው ተማሪ

ዛሬ የትምህርቱን ጉዳይ ለጊዜው ትቼ ስለ አንድ የቆዳ በሽታ እጽፋለሁ። በእኔው ክፍል፣ በእኔው ጥፋት የተፈጠረ ነገር ስላለ ነው። ልጅቷ ጻፈው ብላ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠቅስም።

የካኩማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። በዚያ ሙቀት አንዲት የ17 ዓመት ተማሪዬ ሁልጊዜ ሹራብ ለብሳ ትመጣለች። አንድ ቀን ስትጽፍ እጅጌዋ ሸርተት ቢል፣ ክርኗ ላይ ጠቆር ብሎ ግራጫ ቅርፊት የሚነሣበት ነገር አየሁ። ጭርት መሰለኝና፣ ለሌሎቹ አስቤ፣ ከኋላ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። ልጆች ደግሞ መምህራቸውን ያያሉ። ቧንቧ ወረፋ ላይ ጀሪካናቸውን ከእሷ ጀሪካን ያርቁ ጀመር። ጎረቤት ቡና ሲጠራም ስኒዋ ለብቻ ሆነ። ከዚያ ከትምህርት ቤት ቀረች።

እናቷ ክሊኒክ ብትወስዳት ሶሪያሲስ ነው ተባለ። ጭርትም፣ እከክም፣ የሥጋ ደዌም አይደለም። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ቆዳውን ሲያጣድፈው፣ በወር ገደማ የሚታደሰው ቆዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየተደራረበ ይመጣል። በመጨባበጥ፣ በጉርሻ፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። በዘር ሊመጣ ይችላል፤ የጉሮሮ ሕመም፣ የቆዳ መላላጥና ጭንቀት ይቀሰቅሱታል። ጭንቀት እንደሆነ እኛ ዘንድ እንደ ራሽን አይቀነስም!

በዌልስ፣ በካርዲፍ ከተማ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 የቆዳ ሕመምተኛ የሚጠየቃቸውን 10 ጥያቄዎች አውጥተዋል። ባለፈው ሳምንት አሳከከህ ወይ? አሳፈረህ ወይ? የምትለብሰውን አስለወጠህ ወይ? ሥራ ወይም ትምህርት አስተጓጎለብህ ወይ? ይላሉ። ድምሩ ከ0 እስከ 30 ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን አሥረኛው ነው፤ ሕክምናው ራሱ ቤት በማቆሸሽ ወይም ጊዜ በመውሰድ ምን ያህል አስቸገረህ? ይላል።

ለልጅቷ የታዘዘላት ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የተሠራ ቅባት ነው። ይሸታል፣ ልብስም ያበላሻል። ያላት ዩኒፎርም አንድ፣ ፍራሹም ከእህቶቿ ጋር የጋራ ነው። ቅርፊቱን ለማለስለስ መታጠብ ያስፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ በወረፋ ነው። «ጠዋት ብቀባ ክፍል ውስጥ እሸታለሁ፣ ማታ ብቀባ እህቶቼ ያማርራሉ» አለችኝ። ስለዚህ አቆመችው። እኔም ሳልጠይቅ «ቸልተኛ ናት» ብዬ ነበር።

አሁን ከትምህርት መልስ ትቀባለች፤ ለዚሁ የተለየ አሮጌ ቀሚስ አላት። ከክፍል በፊት ቫዝሊን ብቻ ነው። ሐኪሟም ይህን ስትነግረው ተስማማ፤ አስቀድሞ የጠየቃት አልነበረም።

ወላጆች ሆይ፣ ሱቅ የሚሸጠውን የሚያነጣ ቅባት ተጠንቀቁ። ብዙው ኃይለኛ ስቴሮይድ አለበት፤ ለጊዜው ያጠፋዋል፣ ቆዳውን ግን ያሳሳል። ያለ ሐኪም የሚዋጥ ወይም የሚወጋ ስቴሮይድም ሲቆም በሽታው ብሶ ሊመለስ ይችላል። ጣት ወይም ጉልበት ካበጠ ለሐኪም ንገሩ፤ ሶሪያሲስ መገጣጠሚያንም ይይዛል። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሚያበርድ ግን አለው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2014 የማይተላለፍ በሽታ መሆኑን በውሳኔው አስፍሯል።

ልጅቷን ወደ ሁለተኛው ረድፍ መለስኳት፤ በክፍሉ ፊትም ይቅርታ ጠየቅኋት። አንዷ ጓደኛዋ ወዲያው አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሌላዋ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ሹራቡን እስካሁን አላወለቀችም።