ከፎርማት በፊት ምርመራ፦ ዳግም ጭነት ተደርጎለት አልነሳ ስላለ ኮምፒውተር

ስርዓተ ክወናው እንደገና ከተጫነ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ ያስታውቃል፤ ወይም ከዊንዶውስ ጎን የነበረው ሊኑክስ ከምርጫው ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ከዜሮ መጀመር ነው። በእኔ እምነት ይህ ልማድ ለምርምር መረጃ ከብልሽቱ ይልቅ አደገኛ ነው።

ኮምፒውተር ሲከፈት ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር በቅድሚያ ማስነሻ ፕሮግራም ይፈልጋል። በቀድሞው የባዮስ አሠራር ፍለጋው የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ነው፤ ከሴክተሩ 512 ባይት ውስጥ ለማስነሻ ኮድ የሚውለው ቢበዛ 446 ባይት ነው። በዛሬው ዩኢኤፍአይ ግን ማስነሻው በአንድ አነስተኛ ክፋይ ውስጥ በፋይልነት ይቀመጣል፤ የትኛው ፋይል እንደሚቀድምም ፈርምዌሩ ይመዘግባል። የተጠቃሚው ሰነዶች የሚገኙት ከዚህ ውጭ ነው። ስለሆነም ማስነሻው ታጣ ማለት መረጃው ጠፋ ማለት አይደለም። ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት አይፈርስም።

መንስኤዎቹም በአብዛኛው የሚታወቁ ናቸው። ከሊኑክስ በኋላ የተጫነ ዊንዶውስ የራሱን ማስነሻ ከፊት ያሰልፋል፤ የሊኑክሱ ፋይል ብዙ ጊዜ በቦታው ስለሚገኝ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ሊበቃ ይችላል። ዲስኩ በጂፒቲ ተከፋፍሎ ሳለ ፈርምዌሩ በባዮስ ስልት እንዲሠራ ከተደረገ ዊንዶውስ አይነሳም። ሁለት ዲስክ ባለው ማሽን ደግሞ ማስነሻው በአንደኛው፣ ስርዓተ ክወናው በሌላው ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የመጀመሪያው ሲነቀል ሁለተኛው ብቻውን አይነሳም።

ጥገናው በሥርዓት ሊከናወን ይገባል። በቅድሚያ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ዲስኩን ማየትና ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፤ ቀጥሎ የፈርምዌሩን ስልትና ቅደም ተከተል ማረጋገጥ፤ በመጨረሻም ማስነሻውን ብቻ መልሶ መጻፍ ነው። ለሊኑክስ ግረብን እንደገና መጫን፣ ለዊንዶውስ ከመጫኛ ፍላሹ ቢሲዲቡት የተባለውን ትእዛዝ መጠቀም ይቻላል። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ ግን የፈርምዌር ለውጥ ባለ 48 አኃዝ የማስመለሻ ቁልፍ ሊያስጠይቅ ስለሚችል ቁልፉ አስቀድሞ በእጅ መኖር አለበት።

ፎርማት ማድረግ ጊዜ ይቆጥባል የሚለው መከራከሪያ በከፊል ትክክል ነው። ምንም ሰነድ ለማይቀመጥበት የጋራ ቤተ ሙከራ ማሽን ፈጣኑ መንገድ እርሱ ነው። የመስክ ቃለ መጠይቅ ቅጂዎችን ወይም የወራት ልኬቶችን ለያዘ ኮምፒውተር ግን የሚቆጠበው ሰዓት የሚጠፋውን መረጃ አይተካም፤ የዘንድሮውን የዝናብ ወቅት ዳግም መለካት አይቻልምና።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ዳግም ጭነት ከመጀመሩ በፊት መረጃው በሁለት ቦታ መቀመጡ፣ የማስመለሻ ቁልፉና የማስነሻ ስልቱም መመዝገባቸው ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ አዲስ ለሚገቡ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በዚሁ ጉዳይ የግማሽ ቀን የተግባር ሥልጠና ይሰጥ። ስለ ናሙና አሰባሰብ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ የተሰበሰበው ናሙና ለተቀመጠበት ዲስክም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ልናደርግ ይገባል።