የአቤ ፅንስና የሊጎቲ ጨለማ

ሽንዲ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ጀማሪ ደራሲ «መወለድ ራሱ እርግማን ነው፤ ይህን በአማርኛ የጻፈ የለም» አለኝ። መምህሩ አሜሪካዊው ቶማስ ሊጎቲ ነው፤ ሊጎቲ ደግሞ ከላቭክራፍት አስፈሪ ታሪኮችና ከኖርዌያዊው ዛፕፌ ተስፋ ቢስ ፍልስፍና የቀዳ ነው።

የለም? የአቸፈሩ ልጅ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው «አልወለድም» ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ እምቢ የሚል ፅንስ አናግሯል! ልዩነቱ ሌላ ነው። የአቤ ፅንስ የሚሸሸው ድህነትንና ግፍን ነው፤ ሊጎቲ የሚከሰው ሕይወትን ራሷን። ሕይወት ከተከሰሰች ደግሞ ግፈኛው በነፃ ይሄዳል። የንጉሡ መንግሥት የአቤን መጽሐፍ አገደ፤ «ሁሉም ከንቱ» የሚለውን ግን የትኛው ሹም ይፈራዋል?

ወንድሜ፣ ጨለማውን ጻፍ። መብራቱን ማን እንዳጠፋውም አትደብቅ።