ኤሌክትሮኒክ ማርሽ ስንመርጥ፦ የሚበላሸው የት ነው?

የኮርስ ብስክሌት ለመግዛት የቆረጠ ሰው «ሺማኖ ወይስ ስራም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መስማት የሚፈልገው የትኛው ፈጥኖና ለስልሶ እንደሚቀይር ነው። በዚህ በኩል ልዩነቱ አልቋል ማለት ይቻላል። ዮናስ ቪንገጎ እ.ኤ.አ. የ2022ቱን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፈው በሺማኖ ነው፤ በ2023 ቡድኑ ወደ ስራም ዞረ፣ እሱም ድሉን ደገመው። ታዴይ ፖጋቻር በ2021 በሌላው የማርሽ አምራች በካምፓኞሎ፣ በ2024 በሺማኖ አሸንፏል። ስለዚህ ገዢ አጥብቆ ሊያስብበት የሚገባው ማርሹ የሚሠራበትን ቀን ሳይሆን የሚያቆምበትን ቀን ነው። ያን ዕለት ብስክሌቱ የት ይሆናል? ማን ይከፍተዋል? የሚተካው ዕቃስ ከየት ይመጣል?

ባለሙያ ጋላቢ ይህ ጥያቄ የለበትም። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም ሆነ ከጎኑ የነበሩት ሁሉ፣ መካኒክና ተለዋጭ ብስክሌት የጫነ መኪና ከኋላቸው ይከተላቸው ነበር። የቡድን ማርሽም የሚመረጠው በስፖንሰር ውል ነው። በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ በገዛ እጁ ለሚጠግን ሰው የባለሙያዎቹ ምርጫ ብዙ አያስተምርም።

በመጀመሪያ ግን ኤሌክትሮኒክ ለምን አስፈለገ? በነባሩ አሠራር ጣት መሪው ላይ ያለውን እጀታ ሲገፋ ቀጭን የብረት ሽቦ ይሳባል፣ ሽቦው ደግሞ ማርሽ ቀያሪውን ያንቀሳቅሳል። ሽቦው ይለጠጣል፣ ጭቃ ይገባበታል፣ እጀታው ውስጥ እየተፈተለ ይበጠሳል። በሽቦው ቦታ ሞተርና ባትሪ የተተካበትን ዱራ ኤስ ዲአይቱ ሺማኖ በ2009 ለገበያ አቀረበ። ስራም በ2015 ሬድ ኢታፕ በሚል ስም ጭራሽ ገመድ አልባውን አመጣ። ዛሬ ቴክኖሎጂው ወደ መካከለኛው ዋጋ ወርዷል፤ የስራም ራይቫል ኤኤክስኤስ በ2021፣ የሺማኖ 105 ዲአይቱ በ2022 ወጥተዋል። ገበያውን የገፋው ግን ሌላም ነገር አለ። የአሁን ብስክሌቶች ገመዶቻቸውን በመሪውና በአንገቱ ውስጥ ይደብቃሉ። በእንዲህ ያለ ጠባብና ጠማማ መንገድ ሽቦ ሲያልፍ ይታነቃል፤ ለመቀየርም ግማሹን ብስክሌት መፍታት ሊጠይቅ ይችላል። ኤሌክትሮኒክ ማርሽ ትልቁን ጥቅሙን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ኩባንያዎች የሚለያዩት በባትሪው አቀማመጥ ነው። ሺማኖ አንድ ባትሪ በመቀመጫው ቱቦ ውስጥ ይቀብራል፤ ከእሱም ወደ ፊተኛውና ወደ ኋለኛው ማርሽ ቀያሪ ገመድ ይወጣል። በአዲሶቹ ባለ 12 ማርሾች ገመድ አልባ የሆኑት እጀታዎቹ ብቻ ናቸው። አምራቹ በአንድ ሙሌት 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል ይላል። ባትሪው ሲዳከም መጀመሪያ የፊተኛው ቀያሪ ይቆማል፣ ከዚያም የኋለኛው ባለበት ይቀራል። ያኔ አለመሙላትህን ካስታወስክ መንገድ ላይ ልታደርገው የምትችለው ነገር የለም፤ የቀረህን መንገድ በአንዲት ማርሽ ትጨርሳለህ።

ስራም በእያንዳንዱ ማርሽ ቀያሪ ላይ የአውራ ጣት የምታህል ባትሪ ይለጥፋል፤ በሰከንዶች ትወልቃለች። እንደ አምራቹ አባባል ለ60 ሰዓት ግልቢያ ትበቃለች፣ በአንድ ሰዓት ያህል ትሞላለች። የኋለኛዋ ካለቀች የፊተኛዋን ነቅለህ ከኋላ ትሰካለህ፤ የምታጣው የፊት ጥርስ መቀየሩን ብቻ ነው። ይህ ከልብ የማደንቀው ብልሃት ነው። የእጀታዎቹ ባትሪ እንኳ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ የማትጠፋዋ ክብ ባትሪ ናት። የሺማኖዋ ሲአር 1632 ግን ፈልገህ የምታገኛት ናት። ብስክሌቱን በሳጥን አሽጎ በአውሮፕላን ለሚጓዝም የስራም ይቀላል፤ ባትሪዎቹን ነቅሎ በእጅ ሻንጣ ይይዛል። መንቀል ደግሞ ይገባል፤ ቀያሪዎቹ እንቅስቃሴ ሲሰማቸው ስለሚነቁ መኪና ላይ ተጭነው ብቻ ባትሪ ይበላሉ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን አይተው ፍርዱን ለስራም ይሰጣሉ። እኔ እዚህ ላይ አልቆምም። ሞተሩና ባትሪው በተገቢው ከተያዙ ለዓመታት አብረውህ ይኖራሉ። በየጊዜው የሚያልቁት ሰንሰለቱና የኋላ ጥርሶቹ ናቸው፤ በክረምት ጭቃና በበጋ አቧራ ለሚጋልብ ሰው ደግሞ ፈጥነው ያልቃሉ። የስራም ባለ 12 ሰንሰለት ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ክብ ጥቅልሎቹም ከተለመደው የሰፉ ስለሆኑ በሌላ ፋብሪካ ተራ ባለ 12 ሰንሰለት አይተካም። የኋላ ጥርሶቹም ከ10 ስለሚጀምሩ ኤክስዲአር የሚባል የተለየ መግጠሚያ ያለው ቸርኬ ይፈልጋሉ። የሺማኖ ባለ 12 የኮርስ ጥርሶች ግን በድሮው ባለ 11 መግጠሚያ ላይ ይገባሉ። ስለዚህ ከጓደኛ የተዋስከው ወይም አሮጌ ሆኖ የገዛኸው ቸርኬ ሊያገለግልህ ይችላል፤ ሰንሰለቱም ከሌሎች አምራቾች ይገኛል። መለዋወጫ በሻንጣ በሚገባበት አገር ይህ ልዩነት ከባትሪው ይበልጣል።

የፍሬኑ ነገር ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትታል። ስራም በኮርስ ፍሬኖቹ የሚጠቀመው ዶት የሚባለውን፣ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሁሉ የሚይዘውን ዓይነት ፈሳሽ ነው። ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ሆኖም ፈሳሹ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ሲገባበት የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰም ይልጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ እየወረደ ፍሬን ለሚይዝ ሰው የፈሳሹ ዕድሜ ሊረሳ የሚገባው ጉዳይ አይደለም። የሺማኖው የማዕድን ዘይት እርጥበት አይስብም። በየሱቁ አይገኝም፤ አንድ ጠርሙስ አስቀድሞ መያዝ ግን አይከብድም።

ለዳገት የሚሰጡት ጥርስ ላይ ስራም በጥቂቱ ይመራል። ራይቫል ከፊት 33፣ ከኋላ 36 ጥርስ ሲገጠምለት ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው ከአንድ ዙር ያነሰ ይዞራል። 105 ዲአይቱ ሲወጣ ዝቅተኛው 34 በ36 ነበር፤ እሱም ከአንድ ለአንድ ያነሰ ነው። ጫፉ ከ3,000 ሜትር በሚያልፈው እንጦጦ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት፣ እንዲህ ያለ ቀላል ማርሽ ጉልበትን ያሳርፋል። በአንጻሩ የሺማኖ የፊት ቀያሪ አሁንም ወደር የለውም፤ ከ34 ወደ 50፣ የ16 ጥርስ ልዩነት፣ ፔዳል እየተረገጠም ያለማወላወል ይወጣል። ስራም የፊት ጥርሶቹን በ13 ብቻ በማራራቅ ሥራውን ለራሱ አቅልሏል።

የእጀታው አሠራር የልማድ ጉዳይ ነው። በስራም ቀኙ ያከብዳል፣ ግራው ያቀላል፣ ሁለቱ አብረው ሲነኩ የፊቱ ይቀየራል፤ ወፍራም ጓንት ላጠለቀ ሰው የሺማኖን ተቀራራቢ ቁልፎች ከመለየት ይቀላል። ካምፓኞሎ ውብ ነው፤ ዕቃው በየከተማው በማይገኝበት አገር ግን አልመክረውም።

ሶፍትዌሩም የጥገና አካል ሆኗል። በ2024 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሺማኖን የገመድ አልባ ምልክት ቀርጾ መልሶ በመላክ የሌላ ሰው ማርሽ መቀየር እንደሚቻል አሳዩ፤ ኩባንያውም ማስተካከያ አዘጋጀ። ለተራ ጋላቢ አደጋው ትንሽ ነው። አሮጌ ኤሌክትሮኒክ ብስክሌት የሚገዛ ግን ስልኩን ይዞ ሄዶ ከየኩባንያው መተግበሪያ ጋር መገናኘቱን ከመክፈሉ በፊት ይፈትሽ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት የሚኖር፣ ሱቅ በቅርቡ ያለው፣ ብስክሌቱን እያሸገ የሚጓዝ ሰው ስራምን ይግዛ፤ አይቆጭም። ብስክሌቱ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ውሎ የሚያድር ከሆነና ኤሌክትሮኒክ የግድ ከተባለ 105 ዲአይቱን እመርጣለሁ፤ ባትሪ መሙላትን በዲሲፕሊን መያዝ ይቻላል፣ የሌለ ሰንሰለት ግን በዲሲፕሊን አይገኝም። ከውጭ ሆኖ ለወንድሙ ወይም ለሠፈሩ ክለብ ልጆች ብስክሌት የሚልክ ሰው ደግሞ መጀመሪያ እዚያ ላለው መካኒክ ደውሎ ምን ዕቃ በእጁ እንዳለ ይጠይቅ። መልሱ ሽቦና መፍቻ ብቻ ከሆነ፣ ሺማኖ በ2023 ያወጣውን በሽቦ የሚሠራ ባለ 12 የ105 ማርሽ፣ ገመዱ ከውጭ በሚታይ ፍሬም ላይ አስገጥሞ፣ ከሁለት ትርፍ ሰንሰለትና ከአንድ ጥቅል ሽቦ ጋር ይላክላቸው።