ዶሮ የጫረችው የሚመስል ደብተር

«ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» የሚለው ፍርድ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ቤቶች ውስጥ እንደ ዋዛ ይነገራል። የተፈረደበት ልጅ ግን ያየውን ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳምሮ ይተርካል፤ ስለ ዳይኖሰር ከተጠየቀ ወሬው አያልቅም። እርሳስ ሲይዝ ነው ሌላ ሰው የሚሆነው። ጣቶቹ እስኪነጡ ይጨብጣል፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይጫናል፤ አንዱ ፊደል ግዙፍ ሌላው ድንክ ሆኖ ከመስመር ይወጣል። ሁለት መስመር ሳይጨርስ እጁ ይዝላል። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የዋለው አባት ማታ ደብተሩን ገልጦ «ዶሮ የጫረችው ይመስላል» ይልና ሃያ ጊዜ እንዲገለብጥ ያዘዋል።

ይህ ቅጣት እንጂ መድኃኒት አይደለም። ባለሙያዎች ችግሩን ዲስግራፊያ ይሉታል፤ ስንፍናም የአእምሮ ድክመትም አይደለም። መጻፍ ለአዋቂ ቀላል የሚመስለው ስለተለመደ ነው። አእምሮ የፊደሉን ቅርጽ ማስታወስ፣ ጣትን ማዘዝ፣ የቃሉን አጻጻፍና የሚጻፈውን ሐሳብ አንድ ላይ መያዝ አለበት። ጉልበቱን ሁሉ በፊደሉ ቅርጽ ላይ የጨረሰ ልጅ ለሐሳቡ የሚተርፈው ነገር የለም። ከማንበብ ችግር ወይም ትኩረት ከማጣት ጋር አብሮ የሚታይበትም ጊዜ ብዙ ነው።

የሚገርመው፣ ጥንታዊው የቤተ ክህነት ትምህርት ማንበብንና መጻፍን ለይቶ ያውቅ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ለብቻው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ዳዊት የደገመውን ሰው «እጅህ አያምርምና አላዋቂ ነህ» ያለው አልነበረም። ነገሥታቱም ቢሆኑ ጸሐፌ ትእዛዝ ነበራቸው!

«ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው» የሚሉም አሉ። ሁለት ቋንቋ መናገር ዲስግራፊያን አያመጣም፤ ስለዚህ አማርኛውን ማስተው መፍትሔ አይሆንም። በቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ትምህርት ላይ 231ዱን ፊደል በዓይኑና በአፉ ይማር፤ ማስገልበጡ ግን ይቀነስለት። ግራኙን ልጅ በግድ ወደ ቀኝ እጁ መመለስም በሸክሙ ላይ ሸክም መጨመር ነው።

ትልቁ እንቅፋት «ልዩ ትምህርት» የሚለው ቃል የሚያመጣው ፍርሃት ነው። ወላጅ «የልጄ ስም ይጠፋል» ብሎ ዝም ይላል፣ ጎረቤትም እንዳይሰማ ይሸሽጋል። ሕጉ ግን የተጻፈው ለልጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙትና ዛሬ አይ.ዲ.ኢ.ኤ. የሚባለው ሕግ ሐሳብን በጽሑፍ ለመግለጽ መቸገርን ከትምህርት እክሎች ይቆጥራል። በ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 504 መሠረት ደግሞ ልጁ ከክፍሉ ሳይወጣ ተጨማሪ ሰዓት ሊያገኝ፣ በኮምፒዩተር ሊጽፍ ወይም መልሱን በቃሉ ሊሰጥ ይችላል። እንግሊዝኛ አለማወቅ ብቻውን ልጅን ወደ ልዩ ትምህርት ሊያስገባ አይችልም፤ ይህንንም ሕጉ ይከለክላል። በሌላ በኩል «እንግሊዝኛው ሲሻሻል ይስተካከላል» እየተባለ ዓመታት የሚያልፉበት ልጅ አለ፤ ወላጅ ይህን መልስ ዝም ብሎ መቀበል የለበትም።

ምርመራ ለመጠየቅ መምህሩን በበር ላይ ማነጋገር አይበቃም፤ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። በሜሪላንድ ምርመራው ወላጅ ከፈቀደ በ60 ቀን፣ በቨርጂኒያ ደግሞ በ65 የሥራ ቀን መጠናቀቅ አለበት። ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት ግዴታው ነው። ለስብሰባው አስተርጓሚ የሚያቀርበውም ትምህርት ቤቱ ነው፤ የሞንጎመሪ ካውንቲም ሆነ የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ለአማርኛ እንግዳ አይደሉም። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አድርጎ ማስቀመጥ ግን የገዛ ክሱን እንዲያስተረጉም ማድረግ ነው።

ደብዳቤው ሁለት መስመር ቢሆን ይበቃል። ቀን ይጻፍበት፤ ቅጂው ቤት ይቅር።