«ለምን እዚህ?» ያሉት የቦስተን ነዋሪዎች



ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ ለትልልቆቹ ደረሶቼ የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ነዋሪዎች አንድን ላቦራቶሪ በፍርድ ቤት የሞገቱበትን ታሪክ እያወራኋቸው ነበር። ሳልጨርስ አንዱ «ኡስታዝ፣ ላቦራቶሪው ተከፍቷል አይደል? በቃ ተሸንፈዋላ!» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። ግን ብዙዎቻችን ነገርን የምንመዝነው እንደሱ ነው።

(ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2003 የአሜሪካ መንግሥት ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ኢቦላንና ማርበርግን የመሳሰሉ ገዳይ ተሕዋስያን የሚጠኑበት ላቦራቶሪ ማሠሪያ ገንዘብ ፈቀደ። ቦታው ከሮክስበሪ ሰፈር አጠገብ ነው። ሮክስበሪ ብዙ ጥቁሮችና ስደተኞች ተጠጋግተው የሚኖሩበት፣ ማልኮም ኤክስም በወጣትነቱ የኖረበት ሰፈር ነው፤ ዛሬ ትልቅ መስጂድም አለበት። የነዋሪዎቹ ጥያቄ አጭር ነበር፦ ለምን እዚህ?

በ2004 በዚያው ዩኒቨርሲቲ በሌላ ላቦራቶሪ ሦስት ተመራማሪዎች ቱላሪሚያ በሚባል በሽታ ተያዙ። ተዳክሟል ብለው የሚሠሩበት ባክቴሪያ ውስጥ አደገኛው ዝርያ ተገኘበት። ደግነቱ የሞተ የለም። ሕዝቡ ግን ነገሩን የሰማው በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ነው። እኔን ከአደጋው በላይ የሚከነክነኝ ይህ ዝምታ ነው። ጎረቤቱን «እመነኝ» የሚል ሰው መጀመሪያ ያጠፋውን ይናገራል።

ክሱ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የአካባቢ ተጽዕኖ ሪፖርቱ «እጅግ የከፋው ቢደርስ» ብሎ ያሰላው አባ ሰንጋ (አንትራክስ) ቢያመልጥ ምን ይሆናል የሚለውን ነበር። አባ ሰንጋ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት በሽታ አይደለም። በባቡር ተሳፍሮ፣ ከቤት ቤት እየዞረ የሚዛመተው ቢያመልጥስ? ሰው ያልበዛበት ቦታ ቢሆንስ? ሪፖርቱ አልመለሰም። ዳኛ ራልፍ ጋንትስ በ2006 የግዛቱ ባለሥልጣን ሪፖርቱን ማጽደቁ ምክንያት የለሽ ነው ብለው ሻሩት፤ በ2007 የማሳቹሴትስ የበላይ ፍርድ ቤትም ውሳኔያቸውን አጸና። ይህን ጉድለት ነቅሰው ያወጡት የሰፈር ሰዎች፣ ከጎናቸው የቆሙ ጠበቆችና ሳይንቲስቶች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጥናቱ እንደገና ተሠራ። የሚተላለፉ በሽታዎች ገቡበት፤ ቦስተንም ሰው ካልበዛባቸው ከታይንግስቦሮና ከፒተርቦሮ ጋር ተወዳደረች። ለሕዝቡ ያለው ስጋት እጅግ ዝቅተኛ ነው አለ። በ2013 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ጥናቱን ተቀበለ፤ በ2017 የከተማው የጤና ኮሚሽን ፈቀደ፤ በ2018 ከባዱ ክፍል ሥራ ጀመረ። ሕንፃው ተሠርቶ ያለቀው በ2008 ነው። አሥር ዓመት! «ቸኩለናል፣ ጊዜ የለንም» ሲባል የነበረው ነገር አሥር ዓመት ሙሉ መልስ ሲሰጥ ቆየ።

ድል ነው አልልም። ሕንፃው ከቆመ በኋላ «የት ይሻላል?» ብሎ ማጥናት ለእኔ ጥናት አይመስለኝም፤ መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው ጥያቄ ነው። ይህን ስላቸው ያ ደረሳ እጁን አነሳ፦ «ታዲያ ሕንፃው ሳይሠራ ለምን አልከሰሱም?»

ከሰው ነበር። ክሱ እየታየ ግንባታው ቀጠለ።