ሳህኑን ገልብጡት

ደነባ ያለው የአያቴ ቤት ቡፌ ውስጥ፣ ዳንቴል ላይ የተቀመጠ አንድ የብርጭቆ ሳህን አለ። ቀለሙ ማር ይመስላል። ቆሎ የሚቀርብበት ለነፍስ አባትና ለሩቅ እንግዳ ብቻ ነው። ልጆች ሆነን ከነካነው ቁንጥጫ ነበር። ለምን ቢባል፣ «የቤተ መንግሥት ዕቃ» ነዋ! አጎቶቼ እንደሚሉት ቅድመ አያታችን አንኮበር ላይ የተሸለሙት ነው።

ወሬው ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ የሃሪስ ልዑክ ስጦታ ጭኖ ገብቷል፤ ፈረንሳዮችም መጥተዋል። ከዚያ ሁሉ ዕቃ አንድ ሳህን ደነባ ቢደርስ ምን ይገርማል?

ባለፈው ፋሲካ ግን አክስቴና ታላቁ አጎቴ «ለእኔ ነው የሚገባው» ተባብለው ተኳረፉ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ፎቶ አንስቶ «የምኒልክ ዘመን ሳህን፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። እኔን ያናደደኝ ይሄኛው ነው።

መጀመሪያ ጉግል ሌንስን ጠየቅሁት። ማር የመሰለ ሳህን ሁሉ ደረደረልኝ፤ ምንም አልጠቀመኝም። ብርጭቆ በጣት ነው የሚነበበው። አውጥቼ ዳሰስኩት። ውስጡ ልሙጥ ነው፣ አበባው ያለው በውጪ በኩል ነው፣ የአበባው ጠርዝ ደግሞ ደነዝ ያለ ነው። በእጅ የተቆረጠ ቢሆን ኖሮ ጠርዙ ስለት ሆኖ ጣት ይይዝ ነበር። ይሄ የቀለጠ ብርጭቆ ብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምሮ፣ ከላይ በብረት ተጭኖ የወጣ ነው። ይህ ብቻውን አጎቴን አያሳፍርም፤ አሜሪካኖች በዚህ መንገድ በማሽን መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው።

ከዚያ ገለበጥኩት። የስልኬን ባትሪ በጎን በኩል ሳበራበት ፊደል ብቅ አለ፦ «ዱራሌክስ፣ ሜድ ኢን ፍራንስ»።

ዱራሌክስ የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ምኒልክ ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው! (ብርጭቆው ከጋለ በኋላ በአየር በድንገት ስለሚቀዘቅዝ በቀላሉ አይሰበርም። ሦስቴ ወድቆ የተረፈው በቅድመ አያቴ ጸሎት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።)

ፈራ ተባ እያልኩ ለአያቴ ነገርኳቸው። ሳቁ።

«የምን ቤተ መንግሥት? አያትህ ምስር ጭኖ አዲሳባ ሄዶ ከመርካቶ ያመጣልኝ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ። ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ተሰበረ።»

«ታዲያ እማማ፣ ያ ሁሉ ሲወራ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አፈርኩ። ስልኬን አውጥቼ ድምፃቸውን ቀዳሁ፤ ስለ ምስሩ ዋጋ፣ ስለ መኪናው፣ አያቴ ሳህኖቹን በጋቢው ጠቅልሎ ስለመምጣቱ። ንጉሥ ያልሰጠን ዕቃ ክብር የለውም ያለን ማን ነው? እኔ ለራሴ ምስር ተሽጦ የተገዛውን እመርጣለሁ።

እናንተም ቡፌውን ክፈቱ። ሥሩን ገልብጡ፣ ጽሑፍ ፈልጉ። ብርሌ ካገኛችሁ ታቹን ዳስሱ፤ በአፍ ተነፍቶ የተሠራ ከሆነ ከብረት ዘንጉ የተላቀቀበት ሸካራ ጠባሳ ሊኖረው ይችላል። ጠባሳ ሁሉ ግን አሮጌ ማለት አይደለም፣ በእጅ የሚነፋ ብርሌ ዛሬም ይሠራል። ዋጋ ከመለጠፋችሁ በፊት ቤት ያሉትን ትልቅ ሰው ጠይቁ። ልዋጭ እያለ ለሚዞረው ልጅም በፕላስቲክ ጆግ አትለውጡት።

የቴሌግራሙ ማስታወቂያ ወርዷል። አክስቴና አጎቴ ግን አልታረቁም። አሁን የሚከራከሩት ሁለተኛውን ሳህን ማን እንደሰበረው ነው።